ግድግዳው ላይ የቀሩት

አባቴ በሕይወት ሳለ ደብረ ታቦር ያለው ቤታችን የቆመው በምሰሶ አልነበረም፤ በእሱ ጀርባ ነበር። ከእርሻ ሲመለስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ከጎረቤት ሲመለስ መደቡ ላይ ይወጣና ግድግዳውን ይደገፋል። የጉና ተራራ ብርድ ወርዶ የከተማውን ውሻ ሁሉ ሲያስነጥስ እሱ ንቅንቅ አይልም። ራሱን ቅቤ መቀባት ይወድ ነበር። ቅቤው እሱን ይቀባል፣ እሱ ግድግዳውን ይቀባል። ጭስና ቅቤ ለዓመታት ተባብረው አንድ ጥቁር ቅርጽ ሠሩ፤ ከላይ ራስ፣ ከታች ትከሻ። ፎቶ አንሺ ቢጠራ እንዲህ አስመስሎ አያነሳውም።

አባቴ ሲሞት ቅርጹ አብሮት አልሞተም። እናቴ ቀብሩ ላይ አልቅሳለች፣ ጥቁር ለብሳለች። ቤት ስትገባ ግን ወደ መደቡ አየችና፣ "ብርድ ላይ ዋሉ፤ አረፍ ይበሉ" አለች። ዕድሜዋን ሙሉ አባቴን አንቱ ስትል ኖራለች፤ በዚያ ቤት አንቱ ማለት እሱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ በቀረበ ቁጥር አንድ ሳህን ከቅርጹ ሥር ታኖራለች። "ይብሉ እንጂ" ትላለች፤ ሲቀዘቅዝ እንደሞላ ታነሳዋለች። ነፍስ ይማር የሚል ሰው ከመጣባት ፊቷን ታዞራለች።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እህቴና እኔ የድግሱን ነገር አነሳንባት።

"ተቀምጠው እያዩ የማንን ሙት ዓመት ነው የምታወጡት?" አለችን።

እህቴ ወደ ጓሮ ጎትታ ወሰደችኝ። "ያ ቅርጽ እያለ እናታችን አትመለስም። ቀለም ቀቢ አምጣ።"

"ያ ሰውዬ በቀለም ይወጣል ብለሽ ነው? በጠበልም አይወጣ!"

"አንተ ቀልድ፤ እሷ እያለቀች ነው።"

እውነቷን ነበር። የግድግዳው ሳህን ሁልጊዜ ከእናቴ ሳህን እየተቀነሰ ይሞላል። ክንዷ ቀጥኖ አምባሯ እስከ ክርኗ ይወጣ ጀመር፤ ይህን አላጋነንኩም።

ቀለም ቀቢ ጠራሁ። ቀለም ቀቢ ስለው ተቆጣኝ። "ኮንትራክተር ነኝ፣ ጋሼ! በባለሙያ ደንብ ነው የምሠራው።" ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ቀጭን፣ ወሬኛ ሰው ነው። ሱሪው ላይ የደረቀው ቀለም ተፍቆ ቢበጠበጥ እብናት ከተማን ከዳር እስከ ዳር ይቀባል። ስልኩን አውጥቶ የቀባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ አሳየኝ። "ስጨርስ እርስዎ ራስዎ አይተው ይፈርዳሉ" አለኝ።

"አንቱ አትበለኝ፤ ያስረጀኛል። ለዚህ ቤት ያለው አንቱ ይበቃዋል" አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

እናቴ ትቆጣለች ብለን ፈርተን ነበር። እሷ ግን "ይቀባ፤ እሳቸውም ንጹሕ ነገር ይወዳሉ" አለች።

ኮንትራክተሩ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገና ክሬም ቀለም አለበሰው። ቅርጹ ጠፋ። እህቴ እልል ለማለት ምንም አልቀራት። ጠዋት ስንነሳ አባቴ ተመልሷል! ወባ እንደያዘው ሰው ቢጫ ሆኗል እንጂ እሱው ነው። ደግሞ ተቀባ፤ ደግሞ ተመለሰ። ሁለተኛ ሲመለስ ትከሻው ትንሽ የሰፋ መሰለኝ። ለእህቴ አልነገርኳትም። ዕድሜ ልኩን ሲያጋንን የኖረ ሰው አንድ ቀን እውነት ቢያይ ማን ያምነዋል?

"ቅባትና ጭስ ነው" አለ ኮንትራክተሩ። "የውሃ ቀለም አይችለውም፤ በዘይት ቀለም ነው የምይዘው።" ደስ አለኝ። ቅባት ነው መባሉን በጣም እፈልገው ነበር።

የዘይት ቀለሙን ይዞ በመጣበት ቀን መሰላሉ ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦ "ጋሼ፣ እናትህ ግን እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው!"

"ምን አደረገችህ?"

"በዚህ ዕድሜያቸው እኔን አንቱ ይሉኛል! ብሩሽ ሳነሳ 'ፈቀቅ ይበሉ፤ እርጥቡ ጋቢዎን እንዳይነካው' ይሉኛል። ጋቢ አልለበስኩም፤ ለአክብሮታቸው ብዬ ፈቀቅ እላለሁ። ምሳ ሰዓት 'ይብሉ እንጂ' ብለው ሳህን መደቡ ላይ ያኖሩልኛል።"

"እና?"

"እና እበላለኋ!"

"እህቴ የምታቀርብልህስ?"

"እሱንም። መሰላል ጉልበት ይጨርሳል።"

እንደኔ ያለ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም አይልም። ሳቄ አመለጠኝ። "አንተን እዚህ ቤት ማን አንቱ ይልሃል? እሷ የምታናግረው ከጀርባህ ያሉትን ነው፤ የሞተውን አባቴን።"

ቀስ ብሎ ዞረ። ቅርጹ ከፊቱ ነው፤ ራስ ለራስ ገጠሙ። ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

"የሞተ ሰው ምግብ ነው ስበላ የከረምኩት?"

"ያውም አጣጥመህ።"

"ነፍስ ይማር ሳልል?"

ይህን ጊዜ ሳቄን ተውኩት። በእኛ አገር ስለ ሙት የቀረበ የበላ ሰው ነፍስ ይማር ሳይል አይነሳም። ሰውየው ከመሰላሉ ወርዶ ወደ በሩ ሲሄድ እናቴ ሳህኑን ይዛ እየገባች ነበር።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አላወቅሁም። የበላሁት ሁሉ ለእሳቸው ይድረስላቸው። ነፍስ ይማር።"

ማንም በፊቷ ደፍሮ ያልጨረሰውን ቃል ጨረሰው። እናቴ ፊቷን አላዞረችም። ሳህኑን አየች።

"አንት ነህ የበላኸው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ሁሉንም ቀን?"

"ሁሉንም።"

"ባዶውን ሳገኘው ጊዜ..." አለች። "በመጨረሻ በሉልኝ ብዬ ነበር።"

መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሳህኑ ጉልበቷ ላይ ነው።

"እሳቸው አልበሉም ማለት ነዋ።"



"እንግዲያ ሞተዋል" አለች። "ቀባው፣ አንት ልጅ።"

የዘይት ቀለሙ ያዘው። ጠዋት ግድግዳው ግድግዳ ብቻ ነበር። ሙት ዓመቱ ወጣ፤ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ሲል ዋለ። እናቴም አሜን ስትል ሰማኋት። እህል ግን ወደ አፏ ስታደርስ አላየሁም።

እንግዳው ሲሸኝ እግሬ ዝሎ መደቡ ላይ ወጣሁና ጋቢዬን ተከናንቤ ተደገፍኩ። ግድግዳው ይቀዘቅዛል ብዬ ነበር፤ አልቀዘቀዘም። እናቴ አንድ ሳህን ይዛ መጣች፤ ቆመች፤ አየችኝ።

"ብርድ ላይ ዋሉ" አለች። "ይብሉ እንጂ።"

ዞሬ ከጀርባዬ ያለውን ፈለግሁ። ክሬም ቀለም ብቻ ነው። እማዬ እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ቀልድም ፈለግሁ፤ አንዳቸውም አልመጡልኝም። አምባሯ ክርኗ ላይ ነው።

"አንቺም ብይ" አልኳት፤ አባቴ እንደሚላት አድርጌ።

"እሺ" ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ቆረሰች፤ በላች፤ ደግማ ቆረሰች። እኔም አብሬያት በላሁ። ነፍስ ይማር አላልኩም።