ጫማ የሌለው ፎቶ

መምህር አትማን የመጨረሻውን የቤት ሥራ ሲሰጥ አዊኖ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ደም ታስብ ነበር። ደም ስታይ ያዞራታል። ልጅ ሳለች የጎረቤት ዶሮ ሲታረድ አይታ ዝርር ብላ ወድቃ፣ ዶሮውን ትተው እሷን ሲያራግቡ ነው የዋሉት። እናቷ ሮዝሊን ይህን ሁሉ እያወቀች ልጇን ነርስ ልታደርግ ቆርጣ ተነስታለች። ልጇ በኬንያ ኪሱሙ ከተማ ኮሌጅ ገብታ ፎቶግራፍ እንደምትማር ለሰው ስትናገር እንኳ የታመመ ሰው እንዳለባት ሁሉ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። አሁን ደግሞ ቁርጡን ነግራታለች፦ «የመጨረሻውን ከወደቅሽ በጥር ነርስ ትምህርት ቤት ነሽ። አነጋግሬያለሁ፣ ቦታ ይዘውልሻል።»

መውደቁ ሩቅ አልነበረም። የመጀመሪያው የቤት ሥራ «መስመር» የሚል ነበር። ተማሪው ሁሉ የባቡር ሐዲድና የመብራት ሽቦ አንስቶ ሲመጣ አዊኖ የልብስ ማስጫ ገመድ አነሳች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር የመጣው ገመዱ የምክትል ዲኑ በመሆኑና የተሰጣው የውስጥ ሱሪ ሁሉ ክፍል ግድግዳ ላይ ጎልቶ በመታየቱ ነው። «እንቅስቃሴ» ሲባል አንዱን ሞተረኛ ለምና እየበረረ እንዲያልፍላት አደረገች፤ ፎቶው ላይ የወጣው አንድ ቀይ ጭረት ብቻ ነበር። ሞተረኛው አገላብጦ አየውና «እኔስ የት አለሁ?» ብሎ ተቀየማት። «ብርሃን» ሲባል ደግሞ ጓደኛዋን ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ አቆመቻት፤ ጓደኛዋ ከሰል መስላ ወጣችና ሳምንት ሙሉ አኮረፈች።

መምህር አትማን ላሙ ከምትባል የሩቅ ደሴት የመጣ ሰው ነው፤ ሲቆጣም ድምፁን አያነሳም። «አዊኖ፣ ዓይን አለሽ። የቀረሽ የምታነሺው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው» ይላታል። ይህን ያህል ከሚያዝንላት ቢጮህባት ትመርጥ ነበር።

የመጨረሻው የቤት ሥራ «ፊት» ሆነ።

«የምታውቁት ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይሁን» አለ መምህሩ። «ከደረት በላይ፣ በመስኮት ብርሃን፣ በጥቁርና ነጭ። ተኮፍሶ የተቀመጠ ሰው እንዳታመጡብኝ። ተለቅ አድርጋችሁ ታሳትሙና ፍሬም ታስገቡታላችሁ። ከዚያ ለባለፊቱ ወስዳችሁ ታሳዩታላችሁ፣ ሲያየውም ታነሱታላችሁ። የሰው ፊት ወስዶ ሳያሳዩ መቅረት ሌብነት ነው።»

የላሙ ሰው ነውና ምን እያዘዘ እንደሆነ አያውቅም። በአዊኖ አገር፣ ሐይቁ ዳር ባለው በአሴምቦ፣ በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ የሚነሳው ከነጫማው ነው። ጫማው ካልታየ ለምን ተወለወለ? ከደረቱ ላይ ተቆርጦ፣ በጥቁርና ነጭ ተለቅ ብሎ ፍሬም ውስጥ የሚገባ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱም ፎቶውን አያየውም። ዓርብ ዓርብ አስከሬን ከከተማ ወደ አገር ቤት ሲመለስ እንዲህ ያለው ፎቶ ከፊት ይያዛል። አዊኖ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት። ግን ወራቱን ሙሉ ብርሃን፣ ጥላ ስትል ከርማ ጭንቅላቷ ውስጥ ለሌላ ነገር ቦታ አልተረፈም።

ያሰበችው ወንድ አያቷን ኦምቦጎን ነበር። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ፣ ለቅሶ የማይቀሩ፣ ተጣልተው የማይታረቁ ሰው ናቸው። ፎቶ ላንሳዎት ብትላቸው ደስ አላቸውና ግማሽ ቀን ሲሰናዱ ዋሉ። ኮታቸውን ለበሱ፣ ኮፍያቸውን ደፉ፣ ክራቫት አሰሩ፣ ጫማቸውን እንደ መስታወት ወለወሉ፣ ሬዲዮናቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ትንሽ ፈገግ ይበሉ እንጂ አባባ።»

«ምን አግኝቼ?»

አነሳቻቸው፤ ጠብመንጃ የተደገነበት ሰው መስለው ወጡ። ከዚያ ሙቀቱ ሲያይል ኮፍያቸውን አውልቀው ቤት ውስጥ መስኮቱ ሥር ቁጭ አሉ። አዊኖ ብርሃኑ በአንድ ጉንጫቸው ላይ ሲያርፍ አየች። ካሜራዋን አዘጋጀችና አያቷን የሚቀሰቅስ አንድ ስም ብቻ እንዳለ ስለምታውቅ ጠራችው።

«አባባ፣ ራጎት ግን እውነታቸውን ነው እንዴ? መዋኘት አይችሉም?»

ራጎት ጎረቤታቸው ናቸው። ከዓመታት በፊት በአንድ ሰው ቀብር ላይ ንግግር ሲያደርጉ ነገሩ ከምን እንደተያያዘ ሳይታወቅ «ኦምቦጎ እንኳ ጀልባ ይሠራል እንጂ መዋኘት አይችልም» ብለው ሕዝቡን አሳቁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ የላቸውም። የአዛውንቱ ዓይን ፈጠጠ፣ የግንባራቸው መስመር ሁሉ ተሰበሰበ፣ አፋቸው ለስድብ ተከፈተ። ቀጭ። አዊኖ ካሜራው ውስጥ ያለውን አየችው። እውነተኛው አያቷ እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ኪሱሙ ያለው የፎቶ ቤት ሰውዬ ሥራውን ተቀብሎ አንድ ጊዜ ፎቶውን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየ። «አይዞሽ» አላት። አዊኖ ለተማሪ የሚያዝን ሰው በማግኘቷ ተገረመች። ዓርብ ልትወስድ ስትመጣ ፍሬሙን በጋዜጣ ጠቅልሎ በሁለት እጁ አቀበላት። «ከራሴ ትንሽ ነገር ጨምሬበታለሁ» አለ፤ ሚኒባሱ እያመለጣት ስለነበር ምን እንደሆነ ሳትጠይቀው ሮጠች።

ሚኒባሱ ውስጥ በነበረው ግፊያ ጋዜጣው ተቀደደ። ወዲያው ረዳቱ ሌላ ሰው አስነስቶ ከፊት አስቀመጣት፤ የተነሳው ሰውዬም ትንፍሽ አላለ። የተከፈተ ሙዚቃም አልነበረም። አዊኖ ፍሬሙን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሰኞ መምህሩ ምን ይለኝ ይሆን እያለች፣ ነጭ ጋውን ለብሳ እየታያት፣ ፊቷ ጠቁሮ ተጓዘች።

መገንጠያው ላይ ሞተረኛው ኦዶዮ ጠበቃት። ኦዶዮ ማለት ከኋላው የተቀመጠ ሰው ሃይማኖቱን እንዲያስታውስ አድርጎ የሚነዳ ጎረምሳ ነው። ዛሬ ፍሬሙን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራቱን አበራና ከእግረኛ ባልፈጠነ ሁኔታ ይነዳ ጀመር።

«ኦዶዮ፣ ሞተሩ ተበላሸ እንዴ?»

«አይ እህቴ» አለ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ዛሬ እንዲህ ነው የሚነዳው።»

ለመስታወቱ ተጠንቅቆልኝ ነው ብላ መረቀችው።

መንገዱ ዳር ካሳቫ ትነቅል የነበረች ሴት ቀና አለች፣ ፍሬሙን አየች፣ መቆፈሪያዋን ጣለችና ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና አንድ ረጅም ጩኸት ለቀቀች። ከወዲያኛው ማሳ ሌላዋ ተቀበለቻት። ከወፍጮ ቤቱ ሰዎች ዱቄታቸውን ሳያራግፉ ወጡ። አዊኖ ዞር ብላ ስታይ ከኋላዋ ሰልፍ ተሰልፏል። ያኔ ፍሬሙን ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ጥግ ላይ ሐምራዊ ሪባን በሥርዓት ታስሯል።

«ኦዶዮ አቁም። አያቴ አልሞቱም።»

«አውቃለሁ እህቴ» አላት ሳይዞር። «ሁላችንንም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚመስለን።»

ከሞተሩ ወርዳ ሴቶቹን ለማስረዳት ሞከረች። «የኮሌጅ የቤት ሥራ ነው፣ በደህና ነው ያሉት» ብትል አንዷ አንገቷን አቅፋ «አልቅሺ የኔ ልጅ፣ አትያዢው፣ ልብ ላይ ይቀመጣል» አለቻት። በካደች ቁጥር ይብስ ታሳዝናቸው ጀመር። ወዲያው አዛውንቱ ራጎት ከእርሻቸው በባዶ እግራቸው እየሮጡ መጡ። ፎቶው ፊት ሲደርሱ ኮፍያቸውን መሬት ወረወሩ፣ ደረታቸውን መቱ።

«ኦምቦጎ፣ ለማን ጥለኸኝ ሄድክ? አሁን ማንን ላኩርፍ? በዚህ ሐይቅ ዳር እንዳንተ የሚዋኝ ማን ነበር? ማዕበል ተነስቶ ዓሣው ሲሸሽ አንተ ትገባ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ሰው ይሳቅልኝ ብዬ ነው የዋሸሁት።»

ኦምቦጎ ግን ለቅሶ ሰምተው ቤት የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ጫማቸውን ተጫምተው በጓሮ መንገድ መጥተው ከሕዝቡ ኋላ ቆመዋል። ከፊታቸው የምታለቅሰውን ሴት ትከሻዋን ነካ አደረጉ።

«ማነው ሟቹ?»

«ኦምቦጎ ናቸው» አለች ሳትዞር።

«የትኛው ኦምቦጎ?»

«ጀልባ ሠሪው ነዋ። ሌላ ማን አለን?»

ኮፍያቸውን ለማውለቅ የተነሳው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሊቆጡ ነበር። ግን የራጎት ድምፅ ጆሯቸው ገባና ቆመው አዳመጡ። ሙሾው ሲያበቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ራጎት» አሉ፣ «እስቲ ያቺን የመዋኛዋን ድገማት።»

የሆነውን ለመናገር ያስቸግራል። ኦዶዮ ከነሞተሩ ቦይ ውስጥ ገባ። ዱቄት የለበሱት ሰዎች ወደመጡበት ፈረጠጡ። አንዲት ሴት ሟቹ ፊቷ ቆመው እያየቻቸው እንኳ የጀመረችውን ለቅሶ ማቋረጥ አቅቷት ጥቂት ቀጠለች። ኦምቦጎ ሕዝቡን በከዘራቸው እየከፈሉ መጥተው ፍሬሙን ከአዊኖ እጅ ወሰዱና ፎቶው ላይ ካለው ፊታቸው ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ከዚያ ወደ ታችኛው ጠርዝ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ፈለጉ።

«ጫማዬስ?»

ራጎት የኦምቦጎን ግራ እጅ አፈፍ አድርገው ያዙ፤ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቃቸው መጣ። አዊኖ ብርሃን አልለካችም፣ መስመር አልፈለገችም፣ መምህር አትማንን አላስታወሰችም። ካሜራዋን አነሳችና ተጫነችው።

ለለቅሶ የመጣ ሰው ሳይበላ አይሄድምና ያን ቀን ብዙ ዶሮ ታረደ፤ አዊኖ ከቤቱ ጀርባ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። እናቷ ከገበያ እየጮኸች መጥታ አማቷ የዶሮ አጥንት ሲግጡ ስታገኛቸው ድንጋጤዋ ወደ ንዴት ተለወጠ።

«በቃ» አለቻት። «ማለፍ መውደቅ የሚባል ነገር የለም። የቆመ ሰው የሚገድል ትምህርት በቤቴ አልፈልግም። በጥር ነርስ ነሽ።»

ሰኞ መምህር አትማን ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አቁሞ ከአንዱ ወደ ሌላው አየ። ስለ ሪባኑ ጠየቃት፤ ነገረችው። እጁን አፉ ላይ ጭኖ ወደ መስኮቱ ዞረና ትከሻው ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ታየ። ሲመለስ ዓይኑን እየጠረገ «ማን እንደሆኑ አውቀሻል፣ አልፈሻል» አላት። እሷ ግን ማለፏ እናቷ ዘንድ ምን እንደሚጠቅማት አላወቀችም።

በሳምንቱ መጨረሻ ሁለተኛውን ፎቶ ይዛ ወደ አሴምቦ ሄደች፤ በዚህኛው ፍሬሙን በብርድ ልብስ ጠቅልላዋለች። ኦምቦጎና ራጎት በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ሐይቁ ውስጥ ማን ማንን እንዳዳነ ይከራከሩ ነበር። ኦምቦጎ ፎቶውን ተቀብለው መጀመሪያ ያዩት ታችኛውን ጠርዝ ነው። ጫማቸው ነበር፣ ያውም የተወለወለው።

«ይኸውና» አሉ። «ራጎት ባዶ እግሩን ነው፤ ይበልጥ አማረ።»

ፎቶውን ግድግዳ ላይ ራሳቸው ሰቀሉት። ያንን የመጀመሪያውን ደግሞ ከነሐምራዊ ሪባኑ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉና ሳጥናቸውን ከፍተው ከሠርግ ልብሳቸው በታች አስቀመጡት። ሮዝሊን በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

«ሮዝሊን» አሉ ሳጥኑን እየቆለፉ፣ «መርፌ የሚወጋኝ ሞልቷል። እንዲህ አድርጎ የሚያየኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እሷን ተያት፤ ሥራ አላት።» ከዚያ ወደ አዊኖ ዞሩ። «ያ ቀን ሲመጣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ይዘሽ ከፊት የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው እንዳይነካው። በሞተር ደግሞ አይደለም፤ በእግርሽ።»

እናቷ ዓይኗን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገችና ሻይ ልትጨምርላቸው ገባች። ስለ ጥርም ከዚያ ወዲያ ያነሳ ሰው የለም።

አዊኖ «እሺ አባባ» አለች። ይህ የቤት ሥራ ግን የማስረከቢያው ቀን እንዲርቅላት፣ ከሁሉም እንዲርቅላት በልቧ ለመነች።