የእማዬ ድንጋይ

እስካሁን በቅጡ አልገባኝም። ዶክተሩ ሁለቴ አስረድቶኛል፤ ሁለቴም «እሺ፣ ገባኝ» ብዬ ወጥቻለሁ።

ያን ክረምት እማዬን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲያሰቃያት ከረመ። ወገቧን ይቆርጣታል፣ ትኩሳት ያንዘፈዝፋታል። የታዘዘላትን ክኒን ስትጀምር ይተዋታል፤ ጨርሳ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይመለስባታል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ዶክተሩ «መድኃኒቱን በትክክል ጨርሳዋለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መርማሪ ፖሊስ ሆንኩ።

የምጠረጥረው ነገር ነበረኝ። እማዬ በየእሁዱ ከመካኒሳ በታክሲ ጠበል ታመጣለች። ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ያቺን ቢጫ ጀሪካን ማንም እንዲይዝላት አትፈቅድም። ጠበል ጀምሮ መድኃኒት የሚተው ሰው ደግሞ አውቃለሁ፤ የስኳር ክኒኗን ትታ የወደቀችውን ጎረቤታችንን ያነሳናት እኔና እማዬ ነን። ቤት ስንገባ ብርድ ልብስ እየደረብኩላት ጮህኩባት።

«ክኒኑን ትተሽዋል አይደል?»

«ውጬዋለሁ አልኩሽ እኮ። በጠበሉ ነው የምውጠው።»

«እማዬ፣ አትዋሺኝ!»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደንግጬ ነበር፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም።

በሳምንቱ አልትራሳውንድ ስትነሳ ኩላሊቷ ውስጥ ትልቅ ድንጋይ ተገኘ። «የሠሩት ባክቴሪያዎቹ ናቸው» አለ ዶክተሩ። ሽንቱን ይለውጡታል፤ በሽንቱ ውስጥ የሟሟው ማዕድን በዙሪያቸው ይረጋና ይጠጥራል። ክኒኑ ውጪ ያሉትን ይገድላል፤ ድንጋዩ ውስጥ የተሸሸጉት ግን ቀን ጠብቀው እንደገና ይራባሉ። ድንጋዩ ካልወጣ ኩላሊቷን ልታጣ ትችላለች።

የማንቆርቆሪያችን ቂጥ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አውቀዋለሁ፤ እሱ ከውኃው ነው። ነፍስ ያለው ነገር፣ ያውም በዓይን የማይታይ፣ እንዴት ድንጋይ ይሠራል?

«ለመደበቅ ብለው ነው?» አልኩት።

ሳቀ። «ኧረ እነሱ ምንም አያውቁም። እንዲሁ ሲኖሩ ነው ድንጋዩ የሚሠራው።»

ይባስ ግራ ገባኝ። እነሱ ካላወቁ፣ እማዬም ካላጠፋች፣ ያ ሁሉ ንዴቴ በማን ላይ ነበር?

ለኦፕሬሽኑ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ሻንጣዋን ሳዘጋጅ፣ ከነጠላዋ ሥር የተቋጠረ ፌስታል አገኘሁ። ፈታሁት። የመጨረሻው ዙር የክኒን እሽጎች ናቸው፤ ሁሉም ባዶ ናቸው፣ አንድ ፍሬ እንኳ አልቀረም።

«ይሄ ምንድነው?»

«አላመንሽኝም ብዬ ከቆሻሻው መልሼ ለቀምኩት።»

«ታዲያ ለምን አላሳየሽኝም?»

አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችኝ።

«እናትሽ እኮ ነኝ፤ ማስረጃ ይዤ ልቅረብልሽ?»

ነጠላዋን አጣጥፌ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ አወጣሁትና እንደገና አጣጠፍኩት።