ኮድ ሁለት ፍለጋ፤ ከኮዬ ፈጬ እስከ ቃሊቲ

ከኮዬ ፈጬ የተነሣነው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ተጓዦቹ እኔ፣ ባለቤቴ ወይንሸትና አሮጊቷ ፒክአፓችን ነበርን። የጉዞው ዓላማ ፒክአፗን በልዋጭ ሰጥተን፣ የወጣልኝን ዕቁብ ከላይ ጨምረን፣ ጥቁር አውቶሞቢል ይዘን መመለስ ነበር። ያን ዕለት ፒክአፗ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ብዙ ጊዜ አራቴ ታስለምነኛለች፤ የዚያን ዕለቱን ነገር አልወደድኩትም።

እኔ የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነኝ። ፒክአፗ ብረት ታመጣለች፣ በር ታደርሳለች፤ እንጀራችን እሷ ነች። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ስንጋባ የተከራየነው የሙሽራ መኪና ቀርቶብን፣ ወይንሸትን ከነቬሏ የወሰድኳት በእሷው ነው። ከዋዜማው ቀይ ሽንኩርት ጭኜባት ስለነበር ሙሽራዬ እስከ አዳራሹ ድረስ ዓይኗ እያነባ ሄደች። ዘመዶቿ እናቷ የናፈቀቻት መስሏቸው አብረው አለቀሱ። ያን ቀን አንድ ቀን በጥቁር አውቶሞቢል አስቀምጥሻለሁ ብዬ ማልኩላት። እሷ ነገሩን አንስታው አታውቅም። እኔ ግን የሙሽራ አጀብ ባለፈ ቁጥር መሬት መሬት አያለሁ።

የታርጋውም ጉዳይ አለ። የንግድ መኪና ኮድ ሦስት ነው፣ ጽሑፉ አረንጓዴ፤ የግል የቤት መኪና ኮድ ሁለት፣ ጽሑፉ ሰማያዊ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አረንጓዴ ነኝ። ሆቴል በር ላይ ስደርስ ዘበኛው ገና ከሩቅ "ዕቃ ማውረጃው በጓሮ ነው" ይለኛል። በሙሉ ልብስና በከረባት ብሆንም ይለኛል። እኔም እንደ ሰው ሰማያዊ ታርጋ ለጥፌ በፊት በር መግባት አማረኝ።

ቂሊንጦ፣ ሁለት ሰዓት

የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ መንገዱን ዘግቶት ቆመናል። ደላላው ጌቱ ደወለ። "ጋሼ፣ ቶሎ ይድረሱ፣ ፈላጊ በዝቷል። የቤንዚን መኪና ከእንግዲህ ከውጭ አይገባም፤ ያለው ይኸው ነው። ደግሞ ሴት የያዘችው ነው።"

ያገለገለ መኪና ገበያ ላይ "ሴት የያዘችው" ማለት ትልቅ ምስክርነት ነው። ቀስ ብላ ነድታዋለች፣ ጉድጓድ አላስገባችውም እንደማለት ነው።

"እንዲህ ከተመቻት ለምን ትሸጠዋለች?" አለች ወይንሸት።

"ውጭ አገር ልትሄድ ይሆናል" አልኳት። ጌቱ እንዲህ አላለኝም። ደላላው ያልዋሸውን እኔ እየዋሸሁለት ነበር።

ቃሊቲ፣ ሦስት ሰዓት

ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ጠያቂዎች ሳህናቸውን በፌስታል ቋጥረው ይጠድፋሉ። ዐቢይ ጾም ስለሆነ አንዲት ጠባብ ቤት ገብተን ፉል በዘይት በላን፤ ሻዩ ቅርንፉድ በዝቶበት ነበር። መኪናውን እንዲያይልኝ የቀጠርኩት መካኒኩ ወዳጄ ኸይሩ እዚያው አገኘን። እሱ ጾም የለበትም፣ ሆኖም ለእኛ ሲል ፉል አዘዘ፤ ሁለት ሳህን።

"ታዴ፣ ፒክአፗን ከሰጠህ በሩን በምን ልታደርስ ነው?" አለኝ።

"በኪራይ።"

"ትርፍህን ለኪራይ ልትገብር ነዋ።" ከዚህ በኋላ ዳቦውን ብቻ አየ። ወይንሸትም ሻይዋን ብቻ አማሰለች። ሁለቱ ተነጋግረው የመጡ ስለመሰለኝ ተናደድኩና በልተው ሳይጨርሱ ሂሳቡን ከፈልኩ።

አራት ሰዓት፣ መኪናው የቆመበት ግቢ ውስጥ

ጌቱ መኪናው የለበሰውን ሸራ ከፊት በኩል ገፈፈው። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ አፍንጫው የረዘመ የጀርመን መኪና። ጎንበስ ስል ኮፈኑ ላይ ራሴን አየሁ፤ በአሥር ዓመት አንሼ። እውነቱን ልናገርና ልቤ እዚያው ቀረ።

ኸይሩ ግን አይቸኩልም። ሞተሩን አስነሣ፣ አዳመጠ፣ ከሥር ገባ፣ ወጣ። "ሞተሩ ደህና ነው። ካምቢዮውም ደህና ነው። የነዳጅ መርገጫው አዲስ ነው፣ የሚረግጠው አላገኘም። የኋላ ወንበሩ ግን ረግቧል።" ከዚያ መሪውን መሀሉ ላይ ተጫነው። ድምፅ የለም። "ክላክሱ አልቋል።"

"ክላክስ ያልቃል እንዴ?"

"በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያዬ ነው።"

እኔ ገብቼ ኤሲውን ከፈትኩ። ቀይ የወረቀት አበባ ብትንትን ብሎ ፊቴ ላይ በረረ፤ አንዱ ጺሜ ላይ ቀረ። ገና ሳላራግፈው ወይንሸት ሸራውን ከኋላ አንስታ ጠራችኝ።

"ታዴ፣ ና እስቲ። እንደኛው አረንጓዴ ነው።"

ኮድ ሦስት። ሁላችንም ወደ ጌቱ ዞርን።

"የሠርግ ዲኮር ቤት ንብረት ነው" አለ ሳያፍር። "የሚከራይ መኪና ደግሞ ንግድ ነው። አሁን ጾም ስለገባ ሥራ የለም፣ ለዚያ ነው የሚሸጠው።"

"ሴት የያዘችው ብለህ አልነበር?" አለች ወይንሸት።

"እትዬ፣ ምን ዋሸሁ? በየቅዳሜው አንዷ ትይዘዋለች።"

ኸይሩ ሳቁን ሊደብቅ ጎማ መርገጥ ጀመረ። ጌቱ ኮዱ ይቀየራል ብሎ ዘረዘረልን፤ ክሊራንስ፣ ምርመራ፣ ቦሎ፣ አዲስ ሊብሬ። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ሲጠየቅ ግን እሱም ግራ ገባው። ያም ሆኖ እኔ ጅሉ የፒክአፗን ሊብሬ ከደረት ኪሴ አወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩትን ነገር አረንጓዴ ቀለም ሊያስቀርብኝ ነው ብዬ እልህ ያዘኝ። ጌቱም ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

ወይንሸት መሀል ገባች። "መጀመሪያ ልቀመጥበት።"

አምስት ሰዓት፣ የሙከራ ጉዞ

እኔ ነዳሁ፣ እሷ ከኋላ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ሰፈሩ መኪናውን ያውቀዋል። ገና ከበሩ ስንወጣ ሕፃናት "ሙሽራ! ሙሽራ!" እያሉ ተከተሉን። አንዲት እናት ቲማቲም ከሚመርጡበት ቀና ብለው እልልታውን ጀመሩና ጾም መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሕፃናቱ ከበውን ቆም ስንል መስኮቱን አንኳኩተው ወደ ውስጥ አዩ።

"በሁዳዴ? ቄሱስ ምን አሉ?"

"ፈቅደውልን ነው እማማ፣ የቆየ ነው" አለች ወይንሸት።

"ጎጆሽን ያሙቅልሽ፤ ግን ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ምን ነበረበት" ብለው ወደ ቲማቲማቸው ተመለሱ። በመስታወቱ ወይንሸትን አየኋት። እየሳቀች ነበር፣ ዓይኗ ግን እንደዚያን ጊዜው ያነባል። ሽንኩርት ደግሞ አልነበረም።

ግቢው ስንመለስ ወርዳ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። "ቃልህን ፈጽመሃል። በል ሊብሬውን ኪስህ ክተት፤ ቤታችን እንሂድ።"

ላፍር ይገባኝ ነበር፤ የተሰማኝ ግን እፎይታ ነው። ጌቱ ሌላ መኪና አለ እያለ እስከ አስፋልቱ ተከተለን። የመኪናውን ስም ሳያነሣ "ወንድ የያዘው ነው?" አልኩትና ነዳሁ።

መልስ፣ ሰባት ሰዓት

ከጉዞው የተማርኩትን ለሚገዛ ሰው ልናገር፤ ከኮፈኑ በፊት ታርጋውን እዩ፣ ሸራ የለበሰ መኪና ካገኛችሁ ከኋላ ግለጡ፣ ባለቤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የቀረውን ወይንሸት መንገድ ላይ ነገረችኝ። የሠርጋችን ዕለት እንባዋን ከሽንኩርቱ ጋር የቀላቀለችው ደስ ብሏት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት "መች ጠየቅከኝ?" አለች።

ኮዬ ፈጬ ብሎኮቹ መሀል ስንገባ ከጺሜ ላይ የለቀመችውን የወረቀት አበባ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠች።

"ክላክስ አድርግ" አለችኝ።

አደረግሁ፤ እስከ በሩ ድረስ ሳላቋርጥ። የእኛዋ ክላክስ ይሠራል። ሰው ከየፎቁ ብቅ ብቅ አለ። የግቢው ዘበኛ እንደ ልማዱ ሊያወርድልን ወደ ኋላ ዞሮ የጭነቱን ቦታ አየ፤ ባዶ ነው።

"ጋሽ ታደሰ፣ ዛሬ ምን ጭነው ነው?"

ወይንሸት ከእኔ ቀድማ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

"ሙሽራ" አለችው፤ "በፊት በር ነው የምትወርደው።"