በሰው አፍ ልናገር ጁባ ሄጄ

ቅዳሜ

ከመሥሪያ ቤቴ ዕረፍት ወስጄ ወደ ጁባ የበረርኩት ተዋናይ ልሆን ነው። በአንድ መስመር ሲጻፍ እኔንም ያሳፍረኛል። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ቀን ቀን ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ የውጭ ተከታታይ ድራማዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ድምፅ እሰጣለሁ። ነርሷ፣ ጎረቤቷ፣ የቤት ሠራተኛዋ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፄ ሰው ሳሎን ሲገባ ፊቴን ያወቀ የለም። ስለዚህ አቶ ዳንኤል የሚባሉ ጁባ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊ አሠልጣኝ የካሜራ ትወናና የድምፅ ሥልጠና እንደሚሰጡ፣ በመጨረሻም ከሠልጣኞቹ ጋር አጭር ፊልም እንደሚሠሩ ስሰማ፣ ዋናዋን ሴት እንደምጫወት ልቤ አስቀድሞ ወሰነ። እሳቸውም በስልክ "እንዳንቺ ልምድ ያለው ሰው ነው የምፈልገው" ብለውኛል።

በረራው ሁለት ሰዓት አይሞላም። አውሮፕላኑ እስኪነሳ ግን ሦስት ሰዓት ቦሌ ተቀመጥን። ጁባ ስደርስ የክትባት ካርዴን አሳየሁ፤ ትንሽ ራመድ ብዬ እንደገና አሳየሁ። አቶ ዳንኤል ሊቀበሉኝ ቃል ገብተው ነበር፤ የሉም። ስደውል "ቡክራ እንገናኛለን" አሉኝ። ነገ ማለታቸው ነው። ያን ቃል በዚያ ሳምንት የሰማሁትን ያህል ስሜን አልሰማሁም።

ያረፍኩበት ሆቴል የኢትዮጵያዊት ነው። ክፍሎቹ መስኮት የተበጀላቸው የዕቃ መጫኛ ኮንቴይነሮች ናቸው። አልጋው ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ግን ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልሰዋል። ለእራት ምን እንዳለ ስጠይቅ "ሽሮ" አሉኝ። ሽሮ ልበላ ጁባ ድረስ።

ሰኞ

ሥልጠናው እሑድ ይጀመራል ተብሎ ነበር። እሑድ ግን ሠልጣኞቹ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ከጸሎቱ በኋላ ኅብረት፣ ከኅብረቱ በኋላ የመዘምራን ልምምድ አለ። ይህን የነገረኝ የለም። ቀኑን ኮንቴይነሬ ውስጥ ከማራገቢያው ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ቦዳቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ይዤ ካስተም ወደሚባለው ገበያ ሄድኩ። ሞተረኛው አምስት ሺህ ፓውንድ አለኝ፤ በቃልም በእጅም ተከራክሬ አራት ሺህ አደረስኩት። ስወርድ አንዲት ሴት ሦስት ሺህ ከፍላ ስትሄድ አየሁ። ሥልጠናው የሚሰጠው ከዘይትና ሳሙና ጅምላ መደብር በላይ ባለ ፎቅ ነው። ከሥር ከኡጋንዳ የመጡ የጭነት መኪኖች ይራገፋሉ። ተሸካሚዎቹ ይጯጯሃሉ፤ ሾፌሮቹ ጥሩንባ ይነፋሉ። የድምፅ ሥልጠና በካስተም ገበያ መሀል! አቶ ዳንኤል መፍትሔ ብለው አንዷን ክፍል ዙሪያዋን ፍራሽ አልብሰዋታል። ጩኸቱ በእርግጥ ቀነሰ፤ አየሩም አብሮ ቀነሰ።

ስድስት ነን። አምስታችን ኢትዮጵያውያን ነን፤ ስድስተኛዋ ኛጓ ትባላለች። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ያደገችው ግን ጋምቤላ ክልል፣ ኢታንግ ነው። ወደ አገሯ ከተመለሰች ጥቂት ዓመቷ ነው፤ ማንጋቴን በሚባል የጁባ ሰፈር ከአክስቷ ጋር ትኖራለች፤ በአንድ ክሊኒክ ለሕመምተኞች ታስተረጉማለች። አማርኛዋ ፈጣን ነው፤ ቃላቱን ጠበቅ አድርጋ ትጥላቸዋለች፤ ሲቸኩላት የጁባ ዓረብኛ ትቀላቅላለች።

አቶ ዳንኤል ዘግይተው መጥተው ወለል ላይ አስተኙንና "ተንፍሱ" አሉን። እኛ ስንተነፍስ እሳቸው በረንዳ ላይ ወጥተው ስልክ አወሩ። ተመልሰው ካሜራ ፊት አስቆሙኝ፤ አንድ ገጽ በቃሌ አልኩላቸው።

"መሲ፣ አንቺ ታነቢያለሽ እንጂ አትናገሪም" አሉኝ።

"ወረቀት አልያዝኩም እኮ፣ አቶ ዳንኤል።"

"በቃልሽም ታነቢያለሽ። ቅንድብሽ ደግሞ ካንቺ ቀድሞ ይናገራል።"

አሥራ አንድ ጊዜ አስደገሙኝ። ኛጓ አንድ ጊዜ ብቻ አለችው፤ "ይበቃል" አሏት። እኔ ያየሁት ሁለት ቃል ስትስት ነው።

ረቡዕ

ማክሰኞ መብራት አልነበረም። ረቡዕ የፊልሙ ታሪክ ተነገረን። ከኢትዮጵያ ወደ አገሯ የተመለሰች እናት ልጇ በወባ ትኩሳት ሲያዝ ክሊኒክ ትሂድ ወይስ ባሏን ትጠብቅ ታመነታለች። አንድ የጤና ድርጅት የሚያሠራው፣ በጁባ ላሉ ኢትዮጵያውያንና አማርኛ ለሚያውቁ ተመላሾች የሚታይ ነው። እናቲቱ ኛጓ ሆነች። እኔ ሱቅ በር ላይ ሳሙና የምገዛ ሴት ሆንኩ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አለኝ።

ተናደድኩ ማለት ያንስበታል። ምሳ ሰዓት ላይ ኛጓ እንጀራ የመሰለውን ኪስራዋን ቆርሳ አጎረሰችኝና "እህቴ፣ ተቀይመሽኛል?" አለችኝ። "ኧረ በፍጹም" አልኳት። ዘጠኝ ዓመት ድምፄን ያሠለጠንኩት ለዚህች ውሸት ሳይሆን አይቀርም፤ አመነችኝ።

ሐሙስ

ማንጋቴን፣ የኛጓ አክስት ቤት። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ በር ላይ የውሃ ጀሪካን። ወፍጮ ያለው ጎረቤት ጄኔሬተሩን አስነሳ። አቶ ዳንኤል ቀጭን ገመድ የመሰለ ማይክ ከኛጓ ልብስ ሥር አስረው "ግድ የለም፣ በኋላ ይጸዳል" አሉ። ጄኔሬተሩ እንዲጠፋ ማን ይለምን ብለን ስንከራከር ፀሐዩ ዞረ።

የእኔ ቀረጻ አራት ደቂቃ ፈጀ። ካሜራው ከኋላዬ ነበር። ዓረፍተ ነገሬንም "ታሪኩን ያጓትታል" ብለው አስወጡት።

ከዚያ ኛጓ የአክስቷን ልጅ አቅፋ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። "ትኩሳቱ አልበረደም። አባትህ ይምጣ እያልኩ እስከ መቼ?" አለች። ለማንም አልጮኸችም፤ ለልጁም አልነበረም የምትናገረው። እኔ ሦስት ሜትር ርቄ ቆሜ ዘጠኝ ዓመት ስሠራው የኖርኩት ሥራ ምን እንደ ሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ መሰለኝ፤ ይኸው መግባቱ ራሱ አናደደኝ።

ዓርብ

ድምፁ አልጸዳም። የኛጓ ንግግር ሁሉ ከጄኔሬተሩ ጋር ተለውሷል። ፊልሙ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ለአሠሪዎቹ መላክ አለበት። አቶ ዳንኤል ለብቻዬ ጠሩኝ።

"አሁን ያንቺ ቀን መጣ" አሉ። "የኛጓን ንግግር በሙሉ አንቺ በላዩ ትቀጂዋለሽ። አሠሪዎቹም ጥርት ያለ አማርኛ ይሻላል ብለዋል።"

እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። ፊቴን ባይወስዱት ድምፄን ወሰዱት። ፍራሹ ውስጥ ገብቼ፣ ማራገቢያው ጠፍቶ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ የኛጓን ከንፈር እያየሁ በሁለት ሰዓት ጨረስኩት። አንድም ቃል ከከንፈሯ አልቀደመም፣ አንድም አልዘገየም። አቶ ዳንኤል አጨበጨቡ።

ከሰዓት በኋላ ኛጓ ከክሊኒኩ መጣች፤ አሳየናት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው።

"ቆንጆ ነው" አለች። "ይቺ ሴትዮ ግን ኢታንግ አልኖረችም።"

"ድምፁ ስለተበላሸ ነው፣ ኛጓ" አሏት አቶ ዳንኤል።

"ገባኝ። ማንጋቴን ያሉ ሴቶች ሲያዩት ግን ይስቃሉ። ይሄ የማን አፍ ነው ይላሉ። እየሳቁ ስለ ወባ አይሰሙም።" ቦርሳዋን አነሳች። "ማፊ ሙሽኪላ። እናንተ ታውቃላችሁ።"

ችግር የለም ማለቷ ነው፤ ፊቷ ግን ሌላ ይል ነበር። ደረጃውን ስትወርድ እግሯ ይሰማኛል። ስክሪኑ ላይ ፊቷ ቆሟል፤ ድጋሚ አጫወትኩት። የአዲስ አበባ ጸሐፊ የመሰለ ድምፅ ከዚያች ሴት አፍ ወጣ። የኢንሹራንስ ደንበኛን "ትንሽ ይጠብቁ" ስል ራሴን የሰማሁ መሰለኝ።

"አቶ ዳንኤል፣ ራሷ ትቅዳው" አልኩ።

"ማይክ ፊት ቆማ አታውቅም። ድምፅን ከአፍ ጋር ማጋጠም የአንድ ቀን ሥራ ነው እንዴ?"

"እኔ አለማምዳታለሁ።"

"ያንቺ ሥራ ይጣላ ማለት ነው?"

"ይጣል።"

"ለምን መጣሽ ታዲያ?" አሉኝ። ይህን ሲጠይቁኝ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው ነበር። ደረጃውን ሮጬ ወርጄ ኛጓን ከሳሙና ካርቶኖቹ መሀል ያዝኳት።

ቅዳሜ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀመርን። ኛጓ ስክሪኑን ካየች ትዘገያለች፤ ካላየች ትቀድማለች። "በቃ አንቺው ተናገሪው" አለችኝ፤ ማዳመጫውን አወለቀች። እኔም አልቻልኩም፤ ጮህኩባት፤ እሷም በኑዌር ቋንቋ የማላውቀውን መለሰችልኝ። ውጭ ወጥተን ውሃ ጠጣን። ስንመለስ ቃሉን ተይው አልኳት። "ሐሙስ ዕለት ከመናገርሽ በፊት የት ላይ እንደተነፈስሽ ብቻ እዪ።" ከኋላዋ ቆሜ በምስሉ ላይ ትከሻዋ ከፍ ባለ ቁጥር ትከሻዋን ነካ አደረግኋት። እየነካሁ፣ እየተነፈሰች፣ እየተናገረች ሄድን። ፍራሹ ውስጥ የሁለታችን ላብ አንድ ሆነ።

አሥር ሰዓት ላይ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በቀር ሁሉም ገጠመ። "እስከ መቼ" የሚለው እምቢ አለ፤ ባለችው ቁጥር እንደ ሐሙሱ አልሆን አለ። አቶ ዳንኤል ለእሱ ብቻ የእኔን እንጠቀም አሉ። ኛጓ "የሐሙሱ ራሱ ይግባ፣ ከነጄኔሬተሩ" አለች። እሳቸው አጉረመረሙ፣ እኔ ደገፍኳት፣ እንደዚያው ሄደ።

እሑድ

አውሮፕላኑ እንደገና ዘገየ። አዲስ አበባ ስደርስ ባለቤቴ መኪናው ውስጥ "እሺ፣ ተወንሽ?" አለኝ።

"ጀርባዬ ይታያል" አልኩት።

ሳቀ። ከሳሪስ እስክናልፍ ድረስ ስለ አቶ ዳንኤል፣ ስለ ኮንቴይነሩ፣ ስለ ፍራሹ እየተማረርኩ ነገርኩት። ተዋናይ አልሆንኩም። ካሜራ ፊት አሁንም ቅንድቤ ይቀድመኛል። የተማርኩት ነገር ቢኖር ዘጠኝ ዓመት የሰው ከንፈር ስከተል ሴትዮዋን አንድ ቀን አለማዳመጤን ነው። የውጭዎቹን ተዋናዮች ድምፅ ቶሎ ብለን ዝቅ እናደርገዋለን፤ አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ እናያለን።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ወደ ስቱዲዮ ሄድኩ። ነርሷ አሁንም እኔ ነኝ፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ባለሙያው እንደ ልማዱ ቸኩሏል። የውጭዋን ተዋናይ ድምፅ ዘግቶ "እንጀምር?" አለኝ።

"ክፈተው" አልኩት። "መጀመሪያ እሷ ትናገር።"