አሳዳጊ የበደላት

ክፍሏን አልወዳትም ነበር። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ላይ ማን እንደሳለው የማይታወቅ አንበሳ ይስቃል። የተበደለ ልጅ ፖሊስ ዘንድ፣ ሐኪም ዘንድ፣ ቀበሌ እየተንከራተተ ያንኑ ነገር ደጋግሞ ከሚናገር፣ ሁሉም እዚህ መጥተው አንድ ጊዜ ይስሙት ተብላ የተሠራች ናት። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሰዎቹ ግን እነዚያው ነበሩ።

እኔ የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ካደግሁ በኋላ፣ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስለሆነ፣ ቃል በከንቱ ሲባክን ያመኛል። በግምገማ «ነገር ሰንጣቂ ናት» ተብዬ ተነቅፌበታለሁ።

ያን ዕለት አንዲት አስተማሪ ከብልባላ በኩል ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ይዛ መጣች። የልጅቷ ዓይን ቀልቶ አብጧል፤ ሳሏ አላባራ ብሏል። አባቷ ከሞተ ወዲህ እሷና እናቷ የሚኖሩት በአጎቷ ቤት ነው። አጎቷ ቄስ ናቸው። እሳቸውም ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ደረሱ፤ እናቲቱ ከኋላ ነበረች፤ መስቀላቸውን ተሳልማ ጥግ ያዘች።

የተከሰሰ ሰው እዚያች ክፍል አይገባም ተብሎ ነበር። ከፖሊስ ሊሰማ የመጣው ሃምሳ አለቃ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ ለቀቀላቸው። የሚወሰነው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ ዛሬ ከእሳቸው ጋር ትመለሳለች፣ ወይስ ገነተ ማርያም ካለች አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች።

«ምን አደረጉሽ?» አላት ሃምሳ አለቃው።

«አጠኑኝ።»

ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «ታዲያ ቄስ ካላጠኑ ማን ያጥን? እት ዓለም፣ ለዚህ ነው ከሥራ ያስጠራሽኝ?»

«ደግሞ ዕጣን ወንጀል ሆነ!» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«በምን አጠኑሽ?» አልኋት።

«በበርበሬ። ጋቢ ከላይ ደፍተው፣ ጭሱ ላይ ያዙኝ።»

ሳቁ ቀነሰ እንጂ አልቆመም።

«ዋሸች፤ ተቀጣች» አሉ ቄሱ ረጋ ብለው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል። እኛስ በምን አደግን?»

«እኔንም አጥነውኛል» አለ ሃምሳ አለቃው። «ይኸው፣ አልሞትሁ።»

አልሞተም። ያናደደኝም እሱ ነው።

«በይ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ «ይቅርታ ጠይቀሽ ተነሽ። እኝህ ባያሳድጉሽ የማን ደጅ ትወድቂ ነበር?»

ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉላት። ልጅቷ መስቀሉን አየች፤ እናቷን አየች፤ አልተሳለመችም።

«አንተ አጠንኸኝ» አለችው። «እናቴ ስትለምንህ በሩን ዘጋህባት።»

በበርበሬው ሲስቁ የነበሩት ሰዎች ጭሱ አሁን ገና የደረሰባቸው ይመስል ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ቄሱን አንተ?» ሽማግሌው ከዘራውን መሬት ላይ ደበደበ። «አንተ አለችው እኮ! አሳዳጊ የበደላት!»

ይህን ስድብ በየመንደሩ ሰምቸዋለሁ። ባለጌ ማለት ነው፤ ቃሉ ምን እንደሚል ጆሮ የሚሰጠው የለም። እኔ አፌን ሳልከፍት መልሱ ከጥግ መጣ።

«እውነትዎን ነው፣ አባ» አለች እናቲቱ ሽማግሌውን እያየች። «አሳዳጊዋ በድሏታል።»

ሽማግሌው ያለውን ያን ጊዜ ሰማው መሰለኝ፤ ከዘራው እንደተነሣ ቀረ። ሃምሳ አለቃው ወደ እሷ ዞረ።

«ትመሰክሪያለሽ?»

«ከበሩ ውጭ ቆሜ ሳሏን እሰማ ነበር። እመሰክራለሁ።»

ሰውየው መስቀሉን እንደዘረጋ ነበር። የሚሳለመው ሲያጣ ወደ ኪሱ መለሰው።

እናትና ልጅ ቀኑ ሳይመሽ የገነተ ማርያምን መንገድ ያዙ። ያ ሽማግሌ ግን እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ይነቀንቃል፤ በበርበሬው አይደለም፤ «አንተ» በተባለው ነው።