ሰኞ የሚዘጋው በር

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ አለዚያ ንዴቴ ይቀድመኛል።

የማስተምረው ላሊበላ ከተማ ዳር ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል፣ ሒሳብ። ክፍሌ ውስጥ ሁለት ዓይነት ልጆች አሉ። አንዶቹ የከተማ ልጆች ናቸው፤ አባቶቻቸው አስጎብኚ፣ የሆቴል ሠራተኛ ወይም ዕደ ጥበብ ሻጭ ናቸው። ሌሎቹ ከተራራው ማዶ ካሉ የገበሬ ቀበሌዎች መጥተው፣ ለሁለት ለሦስት ሆነው ምጣድ እንኳ የማይገባባት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። እነዚህ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄደው የሳምንቱን ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ።

ሰኞ ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ እንዳለቀ የግቢው በር ይዘጋል። ያረፈደ ተማሪ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ውጭ ይቆማል። ፈተና የሚሰጠው ደግሞ ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው። "ቅዳሜና እሑድን እንዲያጠኑበት ነው" ብለውኛል ርዕሰ መምህሩ፣ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን። ምክንያቱ ሲሰሙት ያምራል። ፈተና ያመለጠው ግን ዜሮ ይሰጠዋል።

ስምንተኛ ክፍል አንዲት የማዶ ልጅ አለችኝ። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ በልቧ ሠርታ ትጠብቀኛለች። ሰኞ ሰኞ ግን ዜሮ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጠራኋት።

"እሑድ ከሰዓት ለምን አትመጪም?"

"እሑድ አይጋገርማ፣ ቲቸር።"

"ቅዳሜ ጋግሪያ!"

"ቅዳሜም ሰንበት ነው እኮ!" ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ ገርሟት አየችኝ። "እናቴን ወገቧን ያማታል፤ ስንቄን የምጋግረው እኔው ነኝ። ዓርብ ስደርስ መሽቷል። ሰንበት የሚወጣው እሑድ ማታ ነው።"

እኔ ያደግኩት ደሴ ነው፤ ይህን አላውቅም ነበር። በማዶ ልጆች ቤት ሁለቱም ሰንበቶች ይከበራሉ፤ እህል አይፈጭም፣ እንጨት አይፈለጥም፣ ምጣድ አይጣድም። እሑድ ጀንበር ስትጠልቅ ትጋግራለች። ገደሉ በጨለማ ስለማይወረድ ጎህ ሲቀድ ትነሳለች። የቱንም ያህል ብትሮጥ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃታል። ሌሎቹም የማዶ ሴት ልጆች ያው ናቸው። ይህ ስንፍና አይደለም። ይህን ለማስረዳት የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም።

በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ የመምህራን ስብሰባ ተጠራ። ርዕሰ መምህሩ የተማሪዎችን ውጤት በጾታና በመኖሪያ ቦታ ለይተው አነበቡና "የገጠር ልጆች ዝቅተኛ ናቸው። ችግሩ የፍላጎት ማነስ ነው" አሉ። ቀጠሉም፦ በቀሩት ፈተናዎች አሻሽለው አማካያቸውን ግማሽ ያላደረሱ ስምንተኛ ክፍሎች ለክልሉ ፈተና አይመዘገቡም፤ ይደግማሉ። የትምህርት ቤቱ ደረጃ መውረድ የለበትም።

ለዚያች ልጅ መድገም ማለት ማቆም ነው። አባቷ ከተማ ልኮ ማስተማር የሚችለው በየተራ አንድ ልጅ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ተራ የታናሽ ወንድሟ ነው።

ሠንጠረዤን ይዤ ተነሳሁ። የሰኞን ፈተናዎች በቀይ፣ የሌላውን ቀን የክፍል ሥራ በሰማያዊ ለይቼ ነበር።

"ይቺ ልጅ ጀመረች!" አሉ አንጋፋው የእንግሊዝኛ መምህር ስለ እኔ። "ስትጨርስ ቀስቅሱኝ።"

ተሳቀ። እኔ ግን ቀጠልኩ። "ሰማያዊውን እዩት። በከተማና በገጠር ልጅ መካከል ልዩነት የለም። የሚለያዩት ሰኞ ብቻ ነው። ፈተናውን ረቡዕ እናድርገው፤ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።"

"እህቴ፣" አሉ ርዕሰ መምህሩ በትዕግሥት፣ "እኛም እኮ የገበሬ ልጆች ነን። ድርቆሽ ቆርጥመን ነው የተማርነው። የፈለገ ይደርሳል።"

ከሁሉም ያንገበገበኝ ይህ ነው። መንገዱን የማያውቅ ሰው ቢፈርድ ይገባኛል። እነዚህ ግን መንገዱን በእግራቸው ያውቁታል፤ አውቀውም በሩን ይዘጋሉ።

ውሳኔው ለተማሪዎቹ ተነገረ። በሚቀጥለው ዓርብ የማዶ ልጆች ሲወጡ እሷ ቀረች። ሰኞ ከሰልፉ ፊት ቆማ ነበር። ፈተናውን ደፈነች። በቀጣዩም ሰኞ እንዲሁ። ደስ አለኝ፤ እንዴት እንደቻለችው አልጠየቅኩም።

ከዚያ አንድ ሰኞ ሰሌዳ ላይ እየሠራች ጠመኔው ከእጇ ወደቀ፤ ተከትላ እሷም ወደቀች። መምህራን ክፍል ወስጄ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣኋት።

"መቼ ነው የበላሽው?"

"ቅዳሜ ሽምብራ ቆርጥሜያለሁ።"

"ስንቅሽስ?"

"ካልሄድኩ ማን ይጋግርልኛል? አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ሲመጡ ያካፍሉኛል።" ወደ መስኮቱ አየች። "እነሱ ደግሞ ሰኞ ከበር ውጭ ናቸው።"

በማግስቱ በሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህሩ እጇን ይዘው ወደ ፊት አወጧት። "ይቺን እዩ!" አሉ በድምፅ ማጉያው። "ከማዶ ናት፤ ቀድሞ ሰበብ ነበራት፣ አሁን ግን ከፊት ናት። የፈለገ ይደርሳል አላልኩም?" ጭብጨባው ቀለጠ። አንጋፋው መምህር ወደ እኔ ዘንበል ብለው "ይቺንስ በሠንጠረዥሽ ምን ቀለም ትቀቢያታለሽ?" አሉኝ።

ከመምህራኑ ሰልፍ ወጣሁ። ድምፅ ማጉያውን ቀምቼ ይቺ ልጅ የደረሰችው ጦሟን አድራ ነው ልል ነበር። ልጅቷ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፊቴን አይታ መንገዴን ዘጋችብኝ።

"ቲቸር፣ እባክዎ አይናገሩ።"

"እንዴት ዝም እላለሁ?"

"ስሜ ገና ለክልሉ አልተላከም። ካዋረዷቸው ይሰርዙኛል። እርስዎ ሌላ ቦታ ይቀጠራሉ፤ እኔ ግን ወደ ቤት ነው።"

ዝም አልኩ። እስከ ምዝገባው መጨረሻ ድረስ ከዓርብ እስከ ሰኞ እኔ ቤት እየበላች እንድታጠና አደረግኩ፤ ይህ ደግሞ ለእሷ ብቻ ነው የበቃው። የቀሩት የማዶ ሴት ልጆች አማካያቸው ግማሽ ሳይሞላ ቀረ። አንዳቸውም አልተመዘገቡም።

የእሷ ስም ባለፈው ሳምንት ለክልሉ ተልኳል። ከእንግዲህ ሊሰርዟት አይችሉም። ስለዚህ ይኸው፣ እየተናገርኩ ነው።