ሁለት በሬና አንድ ዝርዝር

ሰዎቹን አስቀድሜ ልቁጠር። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ከሐይቁ በላይ ባለው መንደር የማርስ፣ ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት፣ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ለራሴ ያነበብኩ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛው ሚዜዬ ነው፤ እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፣ ማሳችን በአንድ ድንበር የሚገናኝ። አራተኛው የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር። አምስተኛዋ ከመንደሩ ግርጌ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት። ስድስተኛዋ ልጄ ናት፤ ነገሩ ሲሆን ትንሽ ነበረች፣ በኋላ ግን ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ እሷ ናት።

ሐይቅ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር አንድ ቀን ስለ ስጦታ የተጻፈ አጭር ልብ ወለድ ይዛ መጣች። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ተደባብቀው ስጦታ ይሰጣጣሉ፤ የአንዱ ስጦታ የሌላውን ከንቱ ያደርገዋል። የታሰበውና የሆነው እንዲህ ሲቃረን ምፀት ይባላል ብለዋቸዋል መምህሩ።

«ደስ አይልም አባዬ?» አለችኝ።

«ሞኝነት ነው። ቢነጋገሩ ኖሮ ታሪኩ አንድ ገጽ አይሞላም ነበር።»

«ቢነጋገሩማ ምፀቱ ከየት ይመጣል?»

ልጆቼን እውነት ተናገሩ እያልኩ፣ አንዳንዴም በአለንጋ፣ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የራሴን እውነት ልነግራት አጠገቤ አስቀመጥኳት። እኔም ባለመነጋገር ያደረስኩትን አውቃለሁና።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነበር። ሰፈራ መጣ፤ ከየማኅበሩ ይህን ያህል አባወራ ይውጣ ተብሎ ቁጥር ወረደ። ወዴት እንደሚወስዱን በውል የሚያውቅ አልነበረም። ወለጋ የሚል አለ፣ ከዚያም ይርቃል የሚል አለ። ያን ሰሞን ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ዐይኑ መንገዱ ላይ ነበር። የመኪና ድምፅ ከተሰማ ጨዋታ ይቋረጣል፤ መኪናው ካለፈ በኋላም የሚቀጥለው የለም።

ሊቀመንበሩ ጽሕፈቱ የሚነበብ ሰው ሲያጣ እኔን አስጠራኝ፤ የሰፋሪዎቹን ዝርዝር ግልባጭ እንዳወጣለት። ኮርቼ ሄድኩ፤ ይህን አልደብቅም። ሰባተኛው መስመር ላይ ስደርስ የሚዜዬ ስም፣ ከነቤተሰቡ አምስት ነፍስ። እጄ ቆመ።

«ምነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ይኼ ሰው ታታሪ ገበሬ ነው።»

«ሰነፍ ነው ማን አለ? ቁጥር ነው የጠየቁኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ ወሬ ከዚህ ቤት ከወጣ ቀጣዩን መስመር ባንተ ስም ነው የምሞላው» አለኝ።

ወጣሁ። ሦስት ቀን ድርሻዬን ለልጆቹ እየገፋሁ ዋልኩ። ባለቤቴ «የማን ሬሳ አይተህ መጣህ?» ብትለኝ ተቆጥቼ ዝም አሰኘኋት። ቁጣ ለፍርሃቴ መደበቂያ እንደሆነ ያኔም ይገባኝ ነበር።

ሚዜዬን ድንበሩ ላይ አገኘሁት። «ሚዜ፣ ምን አከሳህ? ረሃቡ ሳያንስ ጾም ጨመርክበት?» አለኝ።

«ጥርሴን አሞኝ ነው።»

«አብሽር፣ ይሻልሃል» አለና ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። የሱም ፊት ጠቁሮ ነበር። ከረሃቡ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከድርቁ የተረፈኝ አንድ በሬ ነበር፣ ቦራ። ለእሱም አንድ ተርፎታል፣ ቡሬ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ተቀናጅተን ነበር የምናርሰው፤ አንድ ቀን የኔን ማሳ፣ በማግስቱ የሱን። በአራተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ፣ ሚዜዬን ከዝርዝሩ ካወጣው ቦራን እንደምሰጠው ነገርኩት። አልተግደረደረም። «እኔ ቤት አታምጣው፤ ውጫሌ መንገድ ላይ አማቼ አለ፣ እዚያ አድርሰው» አለኝ። አደረስኩት። ስመለስ የበሬዬን ገመድ በእጄ ይዤ እንደመጣሁ ያየሁት ቤቴ ደጃፍ ላይ ነው።

ያኔ እኔ ያላወቅኩትን አንባቢ ከወዲሁ ይወቀው። ሊቀመንበሩ ከሁለት ቀን በፊት ሚዜዬን ጠርቶት ነበር። ዝርዝሩን ገልጦ አንዱን መስመር በጣቱ እየነካ፣ «ሚዜህ እዚህ አለ፤ ሊሄድ ነው» ብሎታል። የኔ ስም ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ሚዜዬ ግን ማንበብ አይችልም፤ ጣቱ ያረፈው በራሱ ስም ላይ ቢሆንም አያውቀውም። እሱም እንዳይናገር ተነግሮታል። እሱም ቡሬን ነድቶ ወደዚያው መንገድ ሄዷል።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ እንደገና አስጠራኝ። ሰባተኛውን መስመር ሰርዤ አዲስ ግልባጭ እንዳወጣ አዘዘኝ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም። «ቁጥሩ መጉደል የለበትም» አለና የዚያችን የመንደር ግርጌ ሴት ስም አስጻፈኝ።

«እሷ ሦስት ሕፃናት አሏት» አልኩ።

«ታዲያ ማን አላት?»

ማንም እንደሌላት ሁለታችንም እናውቃለን። የምሰጠው ሌላ በሬ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም ለእሷ እሰጥ ነበር ብዬ አልምልም። ጻፍኩ። ያውም እንዳይሳሳቱ በጉልህ ፊደል።

ስሙን ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ያነበበው ማኅበሩ አዳራሽ ፊት ነው፣ መኪናው ቆሞ። ሰባተኛው ደረሰ። የሚዜዬ ስም አልተጠራም። ዞር ብዬ ባየው እሱም እኔን እያየ ዐይኑ እንባ ሞልቷል። ለራሱ ተርፎ ነው ብዬ አሰብኩ። ሴትዮዋ ስሟን ስትሰማ ከመሬት ተነስታ፣ «እባካችሁ ደግማችሁ አንብቡት፣ ተሳስታችሁ ይሆናል» አለች። ካድሬው ደግሞ አነበበው። ጽሕፈቱ ግልጽ ስለነበር ሳይደናቀፍ ነው ያነበበው።

ክረምቱ ሲገባ ዝናብ ጣለ። ሚዜዬ ቤት ሄድኩ።

«በሬህን አውጣ እንጂ፣ ዘሩ ሊያልፈን ነው» አለኝ ቀድሞኝ።

«የኔ በሬ አማቶቼ ዘንድ ሣር ፍለጋ ሄዷል። ያንተስ?»

«የኔም ወረባቦ፣ ዘመድ ጋ ነው።»

ሚስቱ ከውስጥ ሰምታ፣ «በሬዎቹ እንግድነት ከሄዱ እናንተ ተጠመዱዋ፣ እኔ እርፉን እይዛለሁ» አለች። እሱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ሳቃችን ግን ቶሎ አለቀ፤ ሁለታችንም እየዋሸን ነበር፣ አንዳችን ግን የሌላውን ውሸት አናውቅም።

ከሁለት ቀን በኋላ የሚገዛ ዘር ብናገኝ ብለን ውጫሌ ገበያ አብረን ወጣን። በመንገዳችን በስተግራ አንድ ሰው ያርሳል። ቦራና ቡሬ ጎን ለጎን ተጠምደዋል። እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ጅራፍ አላስፈለጋቸውም።

ቆምን። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። «ያንተ ቦራ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ያንተስ ቡሬ?»

«አንተን ሊወስዱህ ነበር'ኮ። ለዚያ ነው የሰጠሁት፣ ወላሂ።»

«እኔን? ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኔ ስም ጨርሶ አልነበረም። የነበርከው አንተ ነህ።»

መንገዱ ዳር ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ። «ታዲያ በኔ ቦታ ማን ተጻፈ?»

ነገርኩት። ማን እንደጻፈውም ነገርኩት። አልሰደበኝም። ብትሩን አንስቶ፣ ገበያውን ትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እኔም ከኋላው።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ደብተሯ ጭኗ ላይ ነበር፤ አልጻፈችም።

«እኛ ያነበብነው ላይ የሚከስሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው» አለች።

«ደራሲው የመረጠው ነዋ።»

«እናንተስ?»

እኛ መምረጥ እንችል ነበር። አንድ ቃል ብንለዋወጥ ኖሮ የሊቀመንበሩ ውሸት ያኔውኑ ይጋለጥ ነበር፤ ሴትዮዋንም ያተርፋት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ሞክረን እናውቀው ነበር። እኔ ልበ ቀናነቴን አምኜ ዝምታዬን እንደ መሥዋዕት ቆጠርኩት። ፍርሃት ነው፤ ስሙን መለወጥ አይገባኝም። ሴትዮዋ የት እንደ ደረሰች የሰማ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የከፈልነው በጠቅላላው ይህ ነው፦ ሁለት በሬ፣ ሁለት ቤት በዶማ የቆፈረው አንድ ክረምት፣ አንዲት እናትና ሦስት ልጆች።